እናቴና እኔ አንድ ክፍል የተማርን ጊዜ

የኮሌጅ ትምህርት የጀመርኩ ዕለት ጠዋት፣ እናቴ እሑድ እሑድ ቸርች የምትለብሰውን ሰማያዊ ጉርድና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ከመኝታ ክፍል ስትወጣ ምንም አልጠረጠርኩም። ልትሸኘኝ መስሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ በእናቷ ተሸኝታ ኮሌጅ መግባቷ ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ትሸኘኝ አልኩ። ያለፈው ክረምት ለሁለታችንም ከባድ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቴ ሳይሞላልኝ ቀርቶ ጓደኞቼ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ጅማ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ከረምኩ። የሚያጽናናኝን ሰው ሁሉ እቆጣ ነበር። ኮሌጅ ያስመዘገበችኝም እሷ ናት። ማስረጃዎቼን ከቁም ሳጥን አውጥታ ብቻዋን ሄዳ ተመለሰችና፣

«ኮምፒውተርና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ አስመዝግቤሻለሁ» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ስልክ ስትነካኪ ስለምትውዪ ይሆንሻል ብዬ ነው።»

የምከራከርበት ጉልበት አልነበረኝም። እሺ አልኳት።

ከሰፈራችን ከአቶቴ ባጃጅ ያዝን። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ጠበቅ ታደርገዋለች። ኮሌጁ በር ላይ ስንወርድ ብዙ ተማሪ ቆሟል። ቶሎ ብዬ፣

«በቃ እማዬ፣ ከዚህ በኋላ እኔ እገባለሁ። አንቺ ተመለሺ» አልኳት።

«የት ነው የምመለሰው?»

«ሥራሽ ነዋ!»

«ሥራዬ ከሰዓት ነው።» ቦርሳዋን ከፈተችና የተማሪ መታወቂያ አወጣች። ፎቶው የእሷ ነው። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ፣ ፈገግ ላለማለት ከንፈሯን ገጥማ። «እኔም ክፍል አለኝ።»

መታወቂያውን ተቀብዬ አየሁት። የትምህርት ክፍሉም፣ ምድቡም የእኔው ነው።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

«አንቺን አስመዝግቤ ስጨርስ ሬጅስትራሩ ‹ሌላ የሚመዘገብ አለ?› ብሎ ጠየቀኝ። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ማንም የለም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ አለ አልኩት።»

እናቴ ያኔ አርባ ዓመት አልሞላትም። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ላውንደሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። አባቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ ቤታችን የሁለት ሰው ቤት ነው። እኔን ስትወልድ ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ቀጥላ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ነበርኩ፤ የክፍል ሥራችንን አንድ ጠረጴዛ ላይ እንሠራ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ትምህርት የሚባል ነገር አንስታ አታውቅም። ውስጧ እንዳለ አላወቅኩም ነበር ማለት ነው።

በሩ ላይ ቆመን ስምምነት አደረግን። ሐሳቡ የእኔ ነው። ግቢ ውስጥ አንተዋወቅም፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ እሷ የፈለገችበት፤ በየባጃጃችን እንመለሳለን።

ትንሽ አሰበችና «እሺ» አለች። «ግን የአንገትሽን ቁልፍ ዝጊው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው ያስገባሽው።» ከዚያ ቀድማኝ ገባች።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ነበር። መምህራችን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ነው፤ ጺሙ በደንብ አልወጣም። እናቴን የፊተኛው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ይዛ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሲያያት ደነገጠ። ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ፣ ድምፁን ጠረገ፣ ስለ ትምህርቱ ዓላማ፣ ስለ ላቡ አያያዝ፣ ስለሚጎድሉት መሣሪያዎች ሰፊ ማብራሪያ ሰጠ። ሲጨርስ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣

«ከቢሮ ነው የመጡት? ለክትትል?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይ፣ ተማሪ ነኝ» አለች እናቴ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀ፤ ሸሚዙን ግን መልሶ አላወጣውም። ዲፕሎማችንን እስክንጨርስ ድረስ እሷ ባለችበት ክፍል ሸሚዙን ሳይከት ገብቶ አያውቅም። «እርስዎ» ከማለትም አልወጣም፤ ሌላውን ሁሉ «አንተ፣ አንቺ» እያለ የሚቆጣ ሰው እሷ ጋ ሲደርስ «እርስዎ ደግሞ ይህቺን ኮድ እስቲ ይድገሟት» ይል ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እናቴ ከማውሱ ጋር ትታገል ነበር። ማውሱ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንዴት አንሥታ እንደምትመልሰው ስላላወቀች ወንበሯን ይዛ ወደ ጎን ትንፏቀቃለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ እስኪነሣላት ድረስ። ሁለቴ ጠቅ አድርጉ ሲባል አንዴ ጠቅ አድርጋ፣ ውጤቱን በትዕግሥት ጠብቃ፣ ሁለተኛውን ታደርጋለች። እኔ ከኋላ ሆኜ አያታለሁ። ተነሥቼ እጇን ይዤ ላሳያት ጣቶቼን ይበላኝ ነበር፤ ስምምነቱ ግን የራሴ ነው።

ልጆቹ ወደዷት። «ማዘር» አሏት። ማዘር እስክሪብቶ ይኖርሻል? ማዘር ለነገው ፈተና ጸልዪልን። እሷም ለማንም እምቢ አትልም። ከሁሉ በላይ የጠቀመችን ግን በጥያቄዋ ነው። ገና ከሃይስኩል የወጣን ልጆች ያልገባንን ነገር ገብቶናል ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን። እሷ እጇን ታወጣና፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከ‹ስለዚህ› በኋላ ያሉት አልገባኝም» ትላለች። ከዚያ መምህሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እኛም ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ደብተራችንን ከፍተን እንጽፋለን።

ምስጢራችን የፈረሰው ዝናባማ ጠዋት ነው። ላቡ ውስጥ ዶክሜንት እየሠራን ነበር፤ እኔ ረጅም የቤት ሥራ አገባድጄ ልጨርስ ጥቂት ሲቀረኝ ስክሪኔ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ጽሑፍ ወረደበት። ሴቭ አላደረግኩም። ሰው ሲደነግጥ የሚለው ያው ነው፤ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«እማዬ!» አልኩ።

«ወዬ!» አለች እናቴ ከፊት ወንበር፣ ከነወንበሯ ዞር ብላ።

የላቡ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እናቴ ያደረገችው ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኖቿ ይቅርታ ይለምኑኛል። አጠገቤ የነበረው ልጅ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየና፣

«እንዴ!» አለ። «ግንባራችሁ እኮ አንድ ነው!»

ከዚያ የሆነውን ጫጫታ መምህሩም ማስቆም አልቻለም። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እናቴ ሳቋን ለመቆጣጠር ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳቄ መጣ። ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ አልሳቅኩም። በዚያ ቀን በአንድ ባጃጅ ተመለስን፤ በማግስቱም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ግንባራችንን ያመሳሰለው ልጅ የክፍላችን ጎበዝ ተማሪ ነው። አባቱ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አስጋሪ ናቸው፤ እሱም ጎሕ ሲቀድ መረብ ስቦ ነው ትምህርት የሚመጣው። እናቴ ያደገችው ሲዳማ ገጠር ውስጥ ስለሆነ ከእሱ ጋር በሲዳምኛ ሲጀምሩ ማቆሚያ የላቸውም። እኔ የከተማ ልጅ ግማሹን ብቻ እሰማለሁ። ፕሮግራሚንግ ሲመጣ መጀመሪያ የገባው ለእሱ ነው፤ ለእናቴ በአማርኛ ሞክሮ ሲያቅተው በሲዳምኛ ይደግምላታል፤ ከመሃል «ሉፕ» እና «ቫሪያብል» የሚሉት ቃላት ብቻ ብቅ ብቅ ሲሉ እሰማለሁ። ሦስታችን አንድ ቡድን ሆንን። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይመጣና በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ሆነን እንደፋለን። እናቴ ሉፕን፣ ማለትም ያንኑ ሥራ የሚያስደጋግመውን ትእዛዝ፣ የተረዳችው ያጠበችውን አንሶላ ስታጥፍ ነው።

«ቅርጫቱ ውስጥ አንሶላ እስካለ ድረስ እጠፊ፣ ሲያልቅ አቁሚ» አለች ለራሷ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ቅርጫቱን ማየት ከረሳሁስ?»

«ዕድሜ ልክሽን ስታጥፊ ትኖሪያለሽ» አለ ልጁ።

«እሱንማ እየኖርኩት ነው» አለች። እሷ ስትስቅ እኛም ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቄ ቶሎ ቆመ።

የኔትወርክ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ተራው የእሷ ሆነ። የኬብሉን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ ጫፉ ላይ ያለው ማያያዣ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። አንዷ ከተሳሳተች ኬብሉ አይሠራም። እናቴ በቸርቻቸው ኳየር ውስጥ ዘማሪ ናት፤ ቀለሞቹን የሰንበት ትምህርት ልጆች በሚዘምሩት ዜማ አደረገቻቸው። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፤ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሃሌ ሉያ የሚለው ቦታ ላይ መቆንጠጫውን ጭምቅ ታደርጋለች። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ተማሪ ሲዘምራት ሰነበተ። መምህሩ ራሱ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ሲያንጎራጉራት ያዝነው።

በመጨረሻው ዓመት አጋማሽ ላይ እናቴ እራት ላይ ረጋ ብላ፣ «ልተወው ነው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ትምህርቱን። ሆቴሉ ሺፍት ቀይሮብኛል። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ነኝ።» ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እስካሁን የተማርኩትም ይበቃኛል። ማውስ መያዝ ችያለሁ አይደል?»

ቀልዱ ቀልድ እንዲመስል ደከመች። ለመንኳት፤ ኃላፊዋን አነጋግሪ አልኳት። አልችልም አለች። እናቴ ለሌላ ሰው ከሆነ የከንቲባ በር ታንኳኳለች፤ ለራሷ ሲሆን ምላሷ ይታሰራል። ሰኞ ጠዋት ወንበሯ ባዶ ሆነ። መምህሩ ስም ሲጠራ እሷ ጋ ደርሶ ቆመ፤ ወደ እኔ አየ።

«ታመሙ እንዴ?»

ነገሩን ነገርኩት። ክፍሉ ሁሉ ሰማ። የአሞራ ገደሉ ልጅ፣ «ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ በቀጥታ ነው የጠየቀኝ። ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ።

እናቴ የምትሠራበትን ሆቴል ከውጭ አውቀዋለሁ፤ ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም። ዘበኛው በጓሮ በኩል አስገባኝ። ግቢው ውስጥ ጦጣዎች ከእንግዶች የተረፈ ዳቦ ይሻማሉ፤ ከዛፎቹ ሥር ሐይቁ ይታያል። ላውንደሪው ግን መስኮቱ ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ በሩ ላይ የሚመታ ክፍል ነው። በበሩ ቀዳዳ እናቴን አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትልቅ አንሶላ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ይዘው ይዘረጋሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ፊቷን አላየሁትም። አልጠራኋትም። ኃላፊዋ የት ናቸው ብዬ ጠየቅኩ።

ኃላፊዋ ወፍራም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ነበሩ። የፎጣ ክምር መሃል ቆመው ስልክ ያወራሉ። ሲጨርሱ፣

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አሉኝ።

ልጇ ነኝ ልል ነበር። የወጣልኝ ግን ሌላ ነው።

«የክፍል ጓደኛዋ ነኝ።»

«የማን?»

የእናቴን ስም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ትማራለች እንዴ?»

«ኮምፒውተር ሳይንስ። ሊያልቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ነው ትምህርቱ። አልነገረችዎትም?»

«ምንም አልነገረችኝም። እኔ እኮ ጠዋት ይሻላታል ብዬ ነው የቀየርኩላት፤ ልጅ አለችኝ ትል ስለነበር። ማታ ማታ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ።» ከክምሩ አንድ ፎጣ አንሥተው እያጠፉ፣ «ልጅቷንስ ታውቂያታለሽ? ዩኒቨርሲቲ አልገባ ብሏት ተጨንቃ ነበር እናቷ» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ አልገባኝም። ከዚያ ሁለቱንም ሳያደርጉ እጄን ይዘው ወደ ላውንደሪው ገቡ።

«አንቺ ሴትዮ!» አሏት እናቴን። «የክፍል ጓደኛሽ መጥታለች!»

እናቴ አንሶላውን እንደያዘች ዞረች። እኔን ስታይ የታመመ ወይም የሞተ ሰው ያለ መስሏት ፊቷ ልውጥ አለ። ኃላፊዋ ቶሎ ብለው ነገሩን ባይነግሯት ኖሮ የምትወድቅ ይመስለኛል። ምስጢሯን ስላወጣሁ ተቆጣችኝ ለማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ቁጣው አልመጣላትም። አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ የያዘችው ጓደኛዋ፣

«ምን ያስለቅሳል? እኔ ጠዋቱን እወስደዋለሁ» አለች። «ለእኔም ይስማማኛል። ግን ስልኬ ውስጥ ያለውን ቴሌግራም ታስተካክይልኛለሽ፤ መልእክት በገባ ቁጥር ይጮህብኛል።»

እናቴ እዚያው፣ ዕንባዋ ሳይደርቅ፣ ስልኩን ተቀብላ አስተካከለችላት።

ከዚህ በኋላ ስለ ፈተናው መናገር አለብኝ። ዲፕሎማ ለመያዝ የኮሌጁን ትምህርት መጨረስ ብቻ አይበቃም፤ ሁሉም ሲኦሲ የሚለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል። የጽሑፍ አለው፣ የተግባር አለው። እኔ አልፈራሁም። እናቴን ሳስጠናት ነው የሰነበትኩት። የተግባሩ ዕለት መዛኞቹ ኬብል ሰጡኝ። ሽቦዎቹን ደረደርኩ፤ ዜማዋን ማንጎራጎር ደግሞ እንደ ሕፃን ሊያስቆጥረኝ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ኬብሉ መፈተኛው ላይ ሲሰካ መብራቶቹ በተራ መብራት ሲገባቸው ይዘልሉ ጀመር። አረንጓዴና ሰማያዊዋን አቀያይሬያቸዋለሁ። ላስተካክል ብዬ ቆርጬ እንደ አዲስ ስጀምር ሽቦዎቹ አጠሩብኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ተበላሸ።

ውጤት የወጣ ቀን እናቴ ከኮሌጁ ቀድማኝ ተመልሳ ድንች ስትልጥ አገኘኋት።

«ወደቅኩ» አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። አቀፈችኝ።

«የአንቺስ?»

«የእኔን ገና አልለጠፉትም።»

አመንኳት። አልጋዬ ላይ ወጣሁና እንደዚያ ክረምት ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ። ከሰዓት ላይ የአሞራ ገደሉ ልጅ በሩን በእግሩ እየደበደበ መጣ፤ በሁለት እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዟል።

«ማዘር የታለች? አልፋለች እኮ! ሁለታችንም አለፍን!» እኔን ሲያየኝ ድምፁ ወረደ። «አንቺ ደግሞ አትጨነቂ፣ ድጋሚ አለ።»

ከአልጋዬ ተነሥቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ዛሬ እንኳ ዝም ልበል ብዬ ነው። ነገ እነግርሽ ነበር።»

«በሕይወትሽ አንድ ዲፕሎማ ብታገኚ እሱን እንኳ ልትደብቂው ነው?»

«አንቺ ስታልፊ አብረን እንመረቃለን» አለች። «ምን ያስቸኩላል? እጠብቅሻለሁ።»

እዚህ ላይ ተቆጣሁ። በእውነት ተቆጣሁ። አይሆንም አልኳት። እኔን ስትጠብቂ ነው ዕድሜሽ ያለቀው፤ አሁን ቅደሚ አልኳት። ከእኔ አፍ ይህ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ልጁ ከነዓሣው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማናል። በመጨረሻ፣

«ይህ ነገር ሳይበላሽ ይጠበስ እንጂ» አለ።

ጠበስነው። እናቴ የዓሣውን ራስ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኛ ቤት ራሱ የሚሰጠው ለተከበረ ሰው ነው።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ውስጥ የቤተሰብ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በግራዬ አንድ ሽማግሌ፣ በቀኜ ዘመናይ ነጠላ የለበሱ ወይዘሮ። ሽማግሌው ጨዋታ ወዳድ ሰው ናቸው፤

«ማን ሊመረቅልሽ ነው? ወንድም ነው?» አሉኝ።

«እናቴ።»

«እናትሽ የሚያስመርቁት ወንድምሽን ነው ወይስ...»

«አይ፣ እናቴ ራሷ ናት የምትመረቀው።»

ጆሯቸውን አዙረው አስደገሙኝ። ሲገባቸው ለባለነጠላዋ ወይዘሮ በእኔ ላይ ጎንበስ ብለው ነገሯቸው፤ ወይዘሮዋ ከኋላቸው ላሉት ነገሩ። ጥቁር ጋውን የለበሱት ተማሪዎች ሰልፍ ይዘው ሲገቡ መደዳው ሁሉ እሷን ይፈልግ ጀመር። ገባች። ባርኔጣው ለፀጉሯ ጠቦባታል፤ አንዴ በቀኝ እጇ፣ አንዴ በግራ እጇ ትይዘዋለች። የሆቴሏ ኃላፊና ያቺ የሥራ ጓደኛዋ ከኋላ ቆመዋል፤ ከሥራ ሰዓት ሰርቀው ነው የመጡት። ስሟ ሲጠራ እልልታውን ያስጀመሩት እኔ የማላውቃቸው ባለነጠላዋ ወይዘሮ ናቸው። እኔ እልል ማለት አልቻልኩም። ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ በኋላ ስናየው አብዛኛው የአዳራሹ ጣሪያ ነው።

ከመድረክ ስትወርድ በሰልፉ መመለስ ሲገባት ወደ እኔ አቅጣጫ መጣች። አስተናባሪው ሊመልሳት ሞከረ፤ መምህራችን በዓይኑ ተዋት አለው። ሸሚዙን ከትቷል፤ ክራቫትም አስሯል። እናቴ ዲፕሎማውን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣

«ያዢልኝ፣ ይታጠፍብኛል» አለች። እንዲህ ብቻ። ከዚያ ወደ ሰልፏ ተመለሰች። ያንን ወረቀት ፕሮግራሙ እስኪያልቅ በሁለት እጄ ይዤው ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌው ለማየት ጠይቀውኝ እንኳ በሩቁ ነው ያሳየኋቸው።

እኔ በሁለተኛው ዙር አለፍኩ። አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች የሚበላሹት በእኔ ላይ ነው፤ ፕሪንተር የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይደውሉልኛል። የአሞራ ገደሉ ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ሲመጣ ለእናቴ ዓሣ መያዙን አልተወም፤ አባቱ ናቸው የሚልኩት። እናቴ ላውንደሪውን ከለቀቀች ቆየች። ኃላፊዋ ራሳቸው ናቸው ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የነገሩላት፤ አሁን እንግዶች አልጋ በሚያስይዙበት በሪዘርቬሽን ክፍል ውስጥ ትሠራለች። መስኮቷ ሐይቁን ያሳያል። ፊደል ስትመታ አሁንም ቁልፎቹን በኃይል ነው የምትጫናቸው፤ ኪቦርድ አይበረክትላትም።

ባለፈው ሳምንት እራት እየበላን ሳለ ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜና እሑድ በዲግሪ ደረጃ እንደሚያስተምር ነገረችኝ። ማን ነገረሽ አልኳት። ዌብሳይቱ ላይ ገብታ ራሷ አንብባለች።

«ልትመዘገቢ ነው?»

«እያሰብኩ ነው።»

«አብረን እንመዝገብ ታዲያ። እኔም ዲግሪ የለኝም።»

እናቴ ማኘኳን አቆመችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ክፍል ውስጥ ግን አንተዋወቅም» አለች። «ትረብሺኛለሽ።»